አልተኛም የሚል ሕፃን

ሕፃኑ ጠብቷል፤ ሽንት ጨርቁም ተቀይሯል። እናት ዙህር ለመስገድ ስታስተኛው ግን እሪ ይላል። ቤቱ እንደ ሲኤምሲ ባለ ትልቅ መንገድ ዳር ከሆነ ደግሞ የመኪና ጥሩምባ ተጨምሮበት ይብስበታል። ብዙዎቻችን «እንቅልፉ አልመጣም» ብለን እናጫውተዋለን። ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕፃኑ ከመጠን በላይ ደክሞታል። ከመጠን በላይ የደከመ ሕፃን ይነጫነጫል እንጂ ቶሎ አይተኛም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን፣ የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። ስለዚህ እናቶች ሆይ! ሲያዛጋ፣ ዓይኑን ሲያሽ፣ ከጨዋታ ፊቱን ሲያዞር ለቅሶውን አትጠብቁ። መጋረጃውን ዝጉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ በየቀኑም በተቀራራቢ ሰዓት አስተኙት። ታዝሎ ካንቀላፋ ቀስ ብላችሁ አውርዱት።

ሲተኛ በጀርባው፣ በማይሰምጥ ፍራሽ ላይ ይሁን። ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አታድርጉለት፤ ፊቱንም በነጠላ አትሸፍኑት፤ ሊታፈን ይችላል። ሶፋ ላይ አቅፋችሁት አታንቀላፉ። ትኩሳት ካለው፣ መጥባት ከተወ ወይም አልነቃ ካለ ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።