በመተማ ቆላ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ስለ መግዛት

የሰሊጡ አጨዳ ካበቃ በኋላ አጎቴ ከመተማ መጥተው ከባለቤታቸው ጋር በቤቴ አረፉ። ሰሊጡን ሸጠው ባገኙት ገንዘብ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሊገዙ አስበው ኖሮ፦ «ሰው ሁሉ ነገ ይህንን የሚነዳ ከሆነ ቀድሜ ልግዛ፤ ካልሆነ ግን ገንዘቤ ሜዳ ቀረ። አንተ መጽሐፍ ታነባለህና ንገረኝ» አሉኝ። ባለቤታቸውም ገንዘቡ ለልጆቹ ትምህርት የታሰበ መሆኑን በዝግታ አስታወሱን።

አዲስ ነገር በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚዛመት የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። በአሜሪካ በአዮዋ አገር 259 ገበሬዎች ስለ አዲስ የበቆሎ ዘር ተጠይቀው፥ በ1943 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የወጣው ምርመራ ከሁለቱ በቀር ሁሉም ዘሩን እንደ ተቀበሉ ገለጠ። መጀመሪያ የዘሩት ግን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ወሬውን ያሰማው ሻጩ ሲሆን ልብን ያሳመነው የጎረቤት ማሳ ነው። ፍራንክ ባስ የተባለው ሊቅ በ1969 ይህንኑ በሒሳብ ቀመረው፤ በራሱ አሳብ የሚገዛውንና ሌላውን አይቶ የሚገዛውን ለይቶ፥ ከሁለቱ መጠን የወደፊቱን ገዢ ብዛት መገመት ይቻላል አለ።

በእኛ አገር ግን ጎረቤት ብቻ አይደለም የሚገፋው፤ ሕግም ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በ10 ዓመት 148,000 የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ይገባል ተብሎ ታስቦ የነበረው፥ መንግሥት እንዳስታወቀው በ2 ዓመት ያህል ወደ 100,000 ተጠጋ። ትንበያው የሳተው ሕዝቡ ስለ ተለወጠ ሳይሆን ሌላው በር ስለ ተዘጋ ይመስለኛል።

ነገር ግን በ1900 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ ከተሠሩት አውቶሞቢሎች ከሩብ የሚበልጡት በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ፤ ከከተማ ወጥቶ ሩቅ መሄድ ስለ ተሳናቸውና የፎርድ መኪና ስለ ረከሰ ድል ሆኑ። ይህን ለአጎቴ ነግሬ፦ «ጋሼ፥ ከመተማ እስከ ጎንደር 180 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ሽቅብም አለው። ቁልቁል ሲወርድ ባትሪው ጥቂት ኃይል መልሶ ያገኛል፤ ሲወጣ ግን ይጨርሳል። የቆላው ሙቀትም ባትሪን ያስረጃል። በመንገዱ ላይ ኃይል የሚሞላበት ስፍራ አይተዋል?» አልኋቸው።

«ሽቦውን አይቼዋለሁ» አሉ። እውነት ነው፤ ከጎንደር በሽህዲ በኩል ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው የ230 ኪሎቮልት መስመር በዚያው ያልፋል። ይሁንና በሰማይ ከሚያልፍ ከዚህ መስመር አውቶሞቢል አይሞላም፤ ኃይሉን አውርዶ የሚያከፋፍል ጣቢያና መሙያ ያስፈልገዋል። የሱዳንም ጦርነት በ2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ በጠረፉ ያለው ንግድ የሚታመን አልሆነም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ ግዙ እላቸው ነበር፤ ቤታቸው በመተማ ሆኖ ግን ሁለተኛው ገዢ ቢሆኑ ይሻላቸዋል።

አጎቴ ጥቂት ካሰቡ በኋላ ገንዘቡን ለባለቤታቸው መለሱላቸው። በማግስቱ ሲነሡም፦ «በሽህዲ መሙያ ሲተከል እኔው እጽፍልሃለሁ» አሉኝ።