ኖቲፊኬሽን ውስጥ የራሳችንን ገጽ ማስገባት

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የቱቶሪያል ሰዓት የምታስታውስ ትንሽ የአይፎን አፕ ስንሠራ፣ የክፍል ለውጥ የሚናገረው ኖቲፊኬሽን ረዝሞ መጨረሻው ይቆረጥብን ነበር። የሚቆረጠው ደግሞ የክፍሉ ቁጥር ነው! ልጆቹ አሮጌው ክፍል ይጠብቃሉ፤ እኛ ሌላ ሕንፃ ላይ። ስለዚህ ሰዓቱንና ክፍሉን በሥርዓት የሚያሳይ የራሳችንን ገጽ ኖቲፊኬሽኑ ውስጥ ለማስገባት ተነሳን።

ገጹን የጻፍነው በስዊፍት ዩአይ ነው። አፕል በ2019 ያወጣው ይህ መሣሪያ ደረጃ በደረጃ እንድናዝ አይጠይቀንም፤ ገጹ ምን መምሰል እንዳለበት እንገልጻለን፣ አሣሣሉን እሱ ይወጣዋል። የኖቲፊኬሽን ገጽን ራስ መሥራት የተፈቀደው ግን ቀድሞ በ2016፣ በአይኦኤስ 10 ስለሆነ በሩ የተሠራው ለነባሩ ዩአይኪት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ዩአይ ሆስቲንግ ኮንትሮለር ይባላል።

በኤክስኮድ ኖቲፊኬሽን ኮንተንት ኤክስቴንሽን የሚባለውን ታርጌት እንጨምራለን። ኖቲፊኬሽኑ ሲከፈት ዲድ ሪሲቭ የሚባለው ፈንክሽን ይጠራል። እዚያ ውስጥ ዳታውን ከዩዘር ኢንፎ አውጥተን ለገጻችን እንሰጣለን፣ ገጹን በሆስቲንግ ኮንትሮለር ጠቅልለን ለኤክስቴንሽኑ ኮንትሮለር ልጅ አድርገን እንጨምራለን፣ አራቱንም ጠርዝ በኮንስትሬንት እናስራለን።

ሁለት ቀን የፈጀብን ሌላ ነገር ነው። በኢንፎ ፒሊስት ላይ የተጻፈው የካታጎሪ ስምና ኖቲፊኬሽኑ ይዞት የሚመጣው ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ኤረር የለም፤ ስልኩ ዝም ብሎ የተለመደውን ኖቲፊኬሽን ያሳያል። እኛ ኮዱን ስንፈትሽ ከረምን፤ ጥፋቱ አንድ ትልቅ ፊደል ነበር።

ኤክስቴንሽኑ ከአፑ ተለይቶ የሚሠራ ፕሮሰስ መሆኑንም አትርሱ። አፑ ሜሞሪ ላይ ያለውን አያየውም፤ የጋራ ፋይል ካስፈለገ አፕ ግሩፕ መክፈት ግድ ነው። ገጹ ላይ ያለ በተን እንዲነካ ደግሞ ዩዘር ኢንተራክሽን ኢኔብልድ የሚለው ቁልፍ ኢንፎ ፒሊስት ላይ "የስ" መባል አለበት፤ ይህ ከአይኦኤስ 12 ጀምሮ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ገጹ የሚታየው ተማሪው ኖቲፊኬሽኑን ሲያሰፋው ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ስልኩን ገልመጥ የሚያደርግ ልጅ አያየውም። ስለዚህ የክፍሉን ቁጥር ርዕሱ መጀመሪያ ላይ አወጣነው፤ እውነቱን ለመናገር ከገጹ ይልቅ የጠቀመን ይኸው ነው።

አንድሮይድ ላይ የምትሠሩ፣ በኮምፖዝ የጻፋችሁት ገጽ ኖቲፊኬሽን ውስጥ በቀጥታ አይገባም። እዚያ ገጹን የሚያሳየው ሲስተሙ ራሱ ስለሆነ በሪሞት ቪውስ፣ በተፈቀዱት ጥቂት ቪዎች ብቻ መሥራት ነው።