በአይሮፕላን ማረፊያ የአንዲት ቃል ዋጋ

መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በእስፓኝ ግዛት በቴኔሪፍ ደሴት፣ አንዱ የሆላንድ ሁለተኛው የአሜሪካ የሆኑ ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች በመንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። በጎረቤት ደሴት ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ ብዙ አይሮፕላኖች ወደዚህ ተዛውረው ስለ ነበር፣ መንደርደሪያው መተላለፊያም ሆኖ ነበር። ጉሙም ከግንቡ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ ሁሉን ሸፍኖበታል።

ሆላንዶቹ የተቀበሉት የበረራውን መሥመር እንጂ የመነሣት ፈቃድ አልነበረም። ረዳት አብራሪው “አሁን በመነሣት ላይ ነን” ባለ ጊዜ ተቆጣጣሪው ገና ቆመው የሚጠባበቁ መስሎት “እሺ” አለ፤ ቀጥሎ “ተጠባበቁ፤ እጠራችኋለሁ” ያለው ግን አሜሪካኖቹ በዚያው ቅጽበት በመናገራቸው በፉጨት ተዋጠ። ዕቃ በስልክ ያዘዘ ነጋዴ እንዲህ ያለውን “እሺ” ሳያውቀው አይቀርም።

ከዚያ ወዲህ “መነሣት” የሚለው ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተወሰነ፤ እስከዚያ ድረስ በሌላ ቃል ይነጋገራሉ። መንደርደሪያውን የሚመለከት ትእዛዝ የተቀበለ አብራሪም “እሺ” ማለት አይበቃውም፤ ትእዛዙን መልሶ መናገር አለበት።