የክፍል ውስጥ ዕቃዎችን ስም በእንግሊዝኛ ስለ መማር

መግቢያ

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሕፃን እንግሊዝኛ መማር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያገኛቸው ቃላት በዙሪያው ያሉት የክፍል ዕቃዎች ስሞች ናቸው። መምህሩ እርሳስ ያነሣና «ፔንስል» ይላል፤ ተማሪዎቹም በአንድ ድምፅ «ፔንስል» ብለው ይቀበላሉ። ከዚያም መጽሐፍ፥ ወንበር፥ ጠረጴዛ፥ መስኮት እያለ ይቀጥላል። ዕቃው በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ስለ ሆነ ሥራው እጅግ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ሃያውን ስም ያለ ስሕተት የሚያወርደው ተማሪ «ደብተርህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ሲሰማ ፈዝዞ የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው። ደብተርንም ጠረጴዛንም ያውቃል፤ የተባለውን ግን አላወቀም።

ነገሩ የልጅነት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበ ነበር። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፥ ለሁለተኛ ደረጃና ለከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ዛሬ የእርሳስን ስም በዜማ የሚቀበለው ሕፃን ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቱን በዚሁ ቋንቋ ይከታተላል። መሠረቱ ስም መቁጠር ብቻ ከሆነ በኋላ የሚሠራው ሕንፃ ያዘነብላል። ይህ ጽሑፍ አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅ በእነዚህ ቀላል በሚመስሉ ቃላት ላይ የሚገጥመው ችግር ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት ይሞክራል።

1. ዕቃውና ስሙ አብረው እንደሚገቡ

በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው፥ ለክፍል ዕቃዎች ባዕድ ስም መቀበል ለአማርኛ አዲስ ነገር አለመሆኑ ነው። «ጠረጴዛ» እና «ሰሌዳ» መነሻቸው ግሪክኛ ነው። «ደብተር» በዐረብኛ ደፍተር ከሚባለው ቃል ጋር አንድ ሆኖ ሥሩ ቆዳ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ይመዘዛል። «ወረቀት» ከዐረብኛ፥ «ቦርሳ» እና «ካርታ» ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። «ብዕር» ግን በግዕዝ ብርዕ የተባለው ሸንበቆ ነው፤ ጸሐፍት መቃ ቀርጸው ይጽፉበት ስለ ነበር የተክሉ ስም የመጻፊያው ስም ሆኖ ቀረ። የ«ላጲስ» ነገር ደግሞ የሚያስገርም ነው። በጣሊያንኛ ላፒስ ማለት እርሳስ ሲሆን በእኛ ዘንድ የእርሳስ ጽሑፍ ማጥፊያው በዚህ ስም ይጠራል።

የትምህርት ቤቱም ታሪክ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትና ከእርሱ በኋላ በተቋቋሙት ፈረንሳይኛ ከፍ ያለ ስፍራ ነበረው፤ እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ነው። ከዚህም ዘመን ወዲህ «ዴስክ» እና «ዳስተር» የሚሉት ቃላት ሳይተረጐሙ በክፍላችን ውስጥ ገብተው ቀሩ። ስለዚህ ተማሪው በአንደኛው የእንግሊዝኛ ትምህርት ቀን ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ይዞ ይመጣል ማለት ነው። መምህሩ ከእነዚህ ቢጀምር ልጁ ቋንቋው ፈጽሞ ባዕድ እንዳልሆነ ይገነዘባል።

2. ስለ ድምፅ

ሁለተኛው ነገር ድምፅ ነው። የ«ፐ» ድምፅ በአማርኛ ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው በውጭ ቃላት ነው፤ በገጠር ፖሊስን «ቦሊስ»፥ ፖስታን «ቦስታ» የሚል ሰው እንደሚሰማ ሁሉ «ፔን» የሚለውም «ቤን» ሊሆን ይችላል። «ይህ» ለማለት በእንግሊዝኛ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣው ድምፅ ደግሞ በአማርኛ ስለሌለ ልጁ በቅርብ ባገኘው ይተካውና «ዚስ» ይላል። እንዲሁም ቃል በሁለት ወይም በሦስት ተነባቢዎች ሲጀምር አማርኛ በፊቱ «እ» ማስቀደም ይወዳል፤ «እስክሪብቶ» እና «እስፖርት» ለዚህ ምስክር ናቸው። «ስኩል» የሚለውን ቃል «እስኩል» የሚል ተማሪ ስሕተቱ ከስንፍና ሳይሆን የራሱን ቋንቋ ሕግ ከማክበር የመጣ ነው።

ማጥበቅና ማላላትም መነሣት አለበት። በአማርኛ «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ «እስከ አሁን» ማለት ሲሆን ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። እንግሊዝኛ በተቃራኒው አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ ይጽፍና ሳያጠብቅ ያነባል። ላጲስ በእንግሊዞች አጠራር «ረበር» ሲባል በጽሑፍ ሁለት «ቢ» አለው፤ ተማሪያችን ሁለቱን ሲያይ አጥብቆ ያነበዋል። «ቾክ» የሚለው ቃል ደግሞ ሲጻፍ በመካከሉ «ኤል» አለበት፥ ሲነበብ ግን አይሰማም፤ ልጁ ፊደል በፊደል ሲያነበው «ቻልክ» ይላል። በእኛ ፊደል የተጻፈው ሁሉ የሚነበብ ስለ ሆነ እንዲህ ያለው ነገር ግር ቢያሰኘው አያስደንቅም።

ብዙ ተማሪዎች የእንግሊዝኛውን ቃል በአማርኛ ፊደል ጽፈው ያጠናሉ። ይህ ለመነሻ ምርኩዝ ይሆናል እንጂ ዘላቂ መንገድ አይደለም። የወረቀትና የቁንዶ በርበሬ እንግሊዝኛ ስሞች በተለምዶ ሁለቱም «ፔፐር» ተብለው ይጻፋሉ፤ ነገር ግን በወረቀቱ ስም አናባቢው ረዝሞ ወደ «ይ» ያዘነብላል፥ በቅመሙ አጭር ነው። በፊደላችን ብቻ ያጠና ልጅ ልዩነቱን በጆሮው ሳይለይ ያድጋል።

3. ስለ ትርጉም ወሰን

ሦስተኛው ችግር፥ አንዱ የአማርኛ ቃል ከአንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ልክ ለልክ አለመግጠሙ ነው። «ቀለም» የሚለውን እንውሰድ። በብልቃጥ ያለው መጻፊያም ቀለም ነው፥ ግድግዳ የሚቀባበትም ቀለም ነው፥ ቀይና ሰማያዊም ቀለም ናቸው፤ ትምህርትም ራሱ ቀለም ይባላል። እንግሊዝኛ ለመጻፊያው «ኢንክ»፥ ለቅቡ «ፔይንት»፥ ለመልኩ «ከለር» ብሎ ይለያል። አንዱን ብቻ የተማረ ልጅ ለሦስቱም ይጠቀምበታል።

«እርሳስ»ም እንዲሁ መጻፊያውና ብረቱ በአንድ ስም ይጠራሉ። በውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ግን እርሳስ የተባለው ብረት ሳይሆን ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ነው። እንግሊዞችም በቀድሞ ጊዜ የእርሳስ ዘር መስሏቸው ስለ ነበር እስከ ዛሬ የፔንስሉን መኻል በብረቱ ስም ይጠሩታል። ሁለቱ ቋንቋዎች እዚህ ላይ በአንድ ስሕተት ተገናኝተዋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ እኛ የምንለየውን እነርሱ ያቀራርቡታል። ለእኛ መጽሐፍና ደብተር በስም የማይገናኙ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱም «ቡክ» የሚል ቃል አለባቸው፥ ደብተሩ «ኤክሰርሳይዝ ቡክ» ወይም «ኖትቡክ» ይባላልና። በዚህም ላይ የሁለት አገር እንግሊዝኛ ይጨመራል። ላጲስ በእንግሊዞች ዘንድ «ረበር»፥ በአሜሪካውያን ዘንድ «ኢሬዘር» ነው። ከእ.ኤ.አ. 1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በብዛት ስላስተማሩ ሁለቱም አጠራር በአገራችን ተሰምቷል። መምህሩ ሁለቱም ትክክል መሆናቸውን ካልነገረው፥ ተማሪው ከሁለት መምህራን አንደኛው የተሳሳተ ይመስለዋል።

4. በስሙ ዙሪያ ስላሉት ጥቃቅን ቃላት

ከሁሉ የሚብሰው ችግር ግን በስሙ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ነው። በአማርኛ «ይህ እርሳስ ነው» ሲባል በእርሳስ ፊት ምንም ቃል አይገባም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኤ» የሚለው ቃል መቅደም አለበት። አስቀድሞ የታወቀ ዕቃ ሲሆን እኛ በስሙ መጨረሻ ላይ ጨምረን «እርሳሱ» እንላለን፤ እነርሱ ሌላ ቃል በፊት ያስቀድማሉ። እኛ ፍቅርን ወይም ትንሽነትን ለመግለጽ «እርሳሷን አምጣልኝ» ብለን ዕቃውን በሴት አንቀጽ ልንጠራው እንችላለን፤ በእንግሊዝኛ ግን እርሳስ ወንድም ሴትም አይሆንም።

«ኤ» የሚለው ቃል «አን» የሚሆንበትን ጊዜ ለማስረዳት የራሳችን ፊደል ጥሩ ረዳት ነው። ቃሉ እንደሚሰማው በአማርኛ ሲጻፍ ከአ ቤት በሆነ ፊደል ከጀመረ «አን» ይቀድመዋል፤ «አን ኢሬዘር»፥ «አን ኤክሰርሳይዝ ቡክ» እንደሚባለው ነው። «ዩኒቨርሲቲ» በ«ዩ» ስለሚጀምር «ኤ» ይቀድመዋል። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የሚያደናግረው ነገር በፊደላችን ግልጽ ሆኖ ይታያል።

ቁጥርም አለ። በአማርኛ «ሦስት እርሳስ» ብንል ነውር የለውም፤ እንግሊዝኛ ግን ከአንድ በላይ በሆነ ጊዜ የብዛት ምልክት ያስገድዳል። ጠመኔና ወረቀት በእኛ ዘንድ ይቈጠራሉ፤ እንግሊዝኛ ግን ጠመኔን እንደ ዱቄትና እንደ ውኃ ስለሚያየው «አንድ ቍራጭ ጠመኔ» ማለት ግዴታ ይሆናል። መቀስ ለእኛ አንድ ዕቃ ሲሆን ለእነርሱ ሁልጊዜ ብዙ ነው። እኛ «ጠረጴዛው ላይ» ስንል «ላይ» ከስሙ በኋላ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ይቀድማል። ግሡም እንዲሁ በእኛ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ፥ በእነርሱ ትእዛዝ መጀመሪያ ላይ ነው። በመግቢያችን የጠቀስነው ተማሪ የፈዘዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁለቱን ስሞች ያውቃል፥ የሚያያይዛቸውን ገመድ ግን አልጨበጠም።

5. ከስም ወደ ሥራ

እንግሊዛዊው ሊቅ ሲ. ኬ. ኦግደን እ.ኤ.አ. በ1930 «መሠረታዊ እንግሊዝኛ» ብሎ ባወጣው ሥራ 850 ቃላት መርጦ ነበር። ከእነዚህ 600ዎቹ የነገሮች ስሞች ሲሆኑ 200ዎቹ በሥዕል ሊታዩ የሚችሉ ናቸው፤ መጽሐፍ፥ ብዕር፥ እርሳስ፥ ካርታ፥ በርና መስኮት ከነዚሁ ውስጥ ይገኛሉ። 150ዎቹ የዕቃን ባሕርይ የሚገልጹ ናቸው። የቀሩት 100 ቃላት ግን «አስቀምጥ፥ ውሰድ፥ ስጥ፥ ላይ፥ ውስጥ» የሚሉትን የመሰሉ ሌሎቹን የሚያንቀሳቅሱ ናቸው። የኦግደን ዝርዝር የተነቀፈበት ብዙ ነገር ቢኖርም ይህ አከፋፈል አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ስሞች ብቻቸውን ሲቈለሉ ያለ ሠራተኛ እንደ ተከመረ ድንጋይ መሆናቸውን ያሳያል።

በጃፓን አገር ያስተምር የነበረው ሐሮልድ ፓልመር ከልጁ ከዶሮቴ ጋር እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው መጽሐፍ እንግሊዝኛን በትእዛዝና በእንቅስቃሴ ማስተማርን አሳይቷል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና መምህር ጄምስ አሸርም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህንኑ አሳብ አስፋፍቶታል። የዘዴው ፍሬ ነገር ተማሪው አስቀድሞ ሰምቶ በሥራ እንዲመልስ፥ ከዚያ በኋላ እንዲናገር ማድረግ ነው።

ይህን ወደ ክፍላችን ብናመጣው ልዩ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዕቃዎቹ በፊታችን ናቸውና። መምህሩ በአንድ ቀን ሃያ ስም ከሚያስቈጥር አምስት ዕቃና ሦስት ግሥ ይምረጥ። «መጽሐፉን ክፈት፤ መጽሐፉን ዝጋ፤ እርሳሱን መጽሐፉ ላይ አስቀምጥ» እያለ በእንግሊዝኛ ይዘዝ፤ መጀመሪያ ራሱ እየሠራ ያሳይ፥ ቀጥሎ አንድ ረድፍ፥ ከዚያም አንድ ተማሪ ብቻውን ይሥራ። ተማሪው በብዙ ቢሆንም የማያውቀው ወዲያው ይታያል፤ በኅብረት ዜማ ውስጥ መደበቅ ይቻላል፥ በእጅ ሥራ ግን አይቻልም። ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ልጆቹ እርስ በርሳቸው እንዲተዛዘዙ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሰሚዎች ብቻ ሆነው ይቀራሉ።

እዚህ ላይ አንድ የጠባይ ነገር አለ። አማርኛ ሲያዝዝ «አምጣ፥ አምጪ፥ አምጡ፥ ያምጡ» እያለ ጾታን፥ ቁጥርንና አክብሮትን ይለያል። በእንግሊዝኛ ለሁሉም ትእዛዙ አንድ ነው። በጨዋ ደንብ ያደገ ልጅ ታላቁን በዚህ ቃል ለማዘዝ ቢያፍር ትክክል ነው። ስለዚህ «ፕሊዝ» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከትእዛዙ ጋር ይሰጠው፤ «ያምጡልኝ» በሚለው ውስጥ ያለው አክብሮት በከፊል የሚተላለፈው በዚህ ቃል ነውና።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ታየው የክፍል ዕቃዎች ስም መማር በራሱ የሚከብድ አይደለም፤ አባቶቻችን ከግሪኩም፥ ከዐረቡም፥ ከጣሊያኑም ሲቀበሉ ኖረዋል። የሚከብደው ድምፁን በጆሮ መለየት፥ የትርጉሙን ወሰን ማወቅ፥ ይልቁንም ስሙን ከግሥና ከጥቃቅን ቃላት ጋር ማያያዝ ነው። ልጁ «ፔንስል» ማለቱ መጀመሪያ ነው፤ እርሳሱን ከቦርሳው አውጥቶ ለጓደኛው እንዲሰጥ በእንግሊዝኛ ሲታዘዝ ሳያመነታ የሰጠ ዕለት ግን ቃሉ የራሱ ሆኗል ለማለት ይቻላል።