በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ 98 ሚሊዮን ያስገባው «ክራሽ» ትርፉ ለማን ደረሰ?

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሁለት ወጣቶች የዐቃቤ ሕጉንና የባለቤቱን መኪና በሽጉጥ አስፈራርተው ይወስዳሉ። የዐቃቤ ሕጉን የቤት ቁልፍ ሊቀይር የሚመጣው ሠራተኛ ኋላ ከአንድ ኢራናዊ ባለሱቅ ጋር በበር ጥገና ይጣላል። ከመኪና ዘራፊዎቹ አንዱ ደግሞ የመርማሪ ፖሊሱ ወንድም ሆኖ ይገኛል። «ክራሽ» የተባለው ፊልም እንዲህ እንደ ድርና ማግ የተያያዘ ነው፤ ዋና ተዋናይ ይኸ ነው የሚባል የለውም።

ገንዘብ ለሚያቀርብ ሰው ይህ ዓይነቱ ፊልም ሲያዩት አያጓጓም። ፖስተሩ ላይ የማን ፊት ይውጣ? ነገር ግን ውስጡ ሌላ ሒሳብ አለው። አንድ ኮከብ ፊልሙን ብቻውን ሲሸከም ለብዙ ሳምንታት ይቀጠራል፣ ክፍያውም ከወጪው ትልቁን ድርሻ ይበላል። ታሪኩ ለአሥር ሲከፋፈል እያንዳንዱ ተዋናይ የሚፈለገው ለጥቂት ቀናት ነው። ስለዚህ ሳንድራ ቡሎክ፣ ማት ዲሎንና ዶን ቺድል ከለመዱት በታች እየተከፈላቸው «ክራሽ»ን ሠሩ። ወጪው በ6.5 ሚሊዮን ዶላር ተገታ።

ላየንስጌት የተባለው አከፋፋይ በ2004 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በቶሮንቶ ፌስቲቫል የአሜሪካን የማሳያ መብት የገዛው ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር ባለው ዋጋ ነበር። ፊልሙ በግንቦት 2005 ተከፈተ። ለሽልማት ሲወዳደር ዲቪዲው ቀድሞ ገበያ ላይ ውሎ ስለነበር፣ አከፋፋዩ ከመቶ ሺህ በላይ ቅጂ ለተዋንያን ማኅበር አባላት በነፃ ላከ። ብልህ ነጋዴ የሚያደርገው ነው፤ ዕቃው በእጁ ነበርና ወጪው ከማስታወቂያ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ማኅበሩ በጥር 2006 የምርጥ ተዋንያን ስብስብ ሽልማቱን ሰጠው፣ በመጋቢት ደግሞ ሲገመት የነበረውን «ብሮክባክ ማውንቴን» አስቀርቶ ኦስካሩን ወሰደ።

ድር ቢያብር ሁልጊዜ አንበሳ አያስርም። በ1999 የወጣው «ማግኖሊያ» ቶም ክሩዝን የመሰለ ኮከብ ይዞ፣ 37 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከዓለም ሲኒማ ቤቶች 48 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አስገባ። ሲኒማ ቤቶቹ ግማሽ ያህሉን ለራሳቸው ስለሚያስቀሩ፣ ከትኬት ብቻ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። በአንጻሩ የ2003ቱ «ላቭ አክቹዋሊ» በ40 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቶ ከ240 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። ሁለቱም ብዙ ባለታሪክ አላቸው። ልዩነቱ አንደኛው ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሐዘን፣ ሌላው ለገና የሚታይ ፍቅር መሆኑ ነው።

ወደ «ክራሽ» እንመለስ። 98 ሚሊዮኑ የትኬት ሽያጭ ነው። ከዚያ ላይ ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ያነሳል፣ አከፋፋዩ ኮሚሽኑንና የማስታወቂያ ወጪውን ይቀንሳል፣ ገንዘብ አቅራቢው ያወጣውን ይመልሳል። ደመወዙን በይደር የተወው ባለሙያ የሚጠብቀው ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። ከኦስካሩ በኋላ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2011 አንድ የሎስ አንጀለስ ዳኛ ለዳይሬክተሩ ለፖል ሃጊስና ለባልደረቦቹ 12 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈል ወሰኑ። ፊልሙ ከተከፈተ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

ውል ሲፈረም «ከተጣራ ትርፍ» እና «ከጠቅላላ ገቢ» የሚሉት ቃላት ጎን ለጎን ሲታዩ የሚቀራረቡ ይመስላሉ። በ2010 በወጣው «ቫለንታይንስ ዴይ» ላይ ጁሊያ ሮበርትስ ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የታየችው። እንደተዘገበው ግን ሦስት ሚሊዮን ዶላር ቅድሚያ የተከፈላት ሲሆን፣ ድርሻዋም ከጠቅላላ ገቢው ሦስት በመቶ እንዲሆን ተዋውላለች። ያ ፊልም 216 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል።