ለአሮጌ ኮምፒውተሮች በቤት ውስጥ የሚነደፉ ተጨማሪ ካርዶች አሠራር

አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ለገበያ ያቀረበው የግል ኮምፒውተርና በ1983 የተከተለው ኤክስ.ቲ. የተሰኘው ሞዴል ከወጡ ከአርባ ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል። ይሁንና ዋና ሰሌዳቸው ዛሬም የሚሠራ ማሽኖች በየሙዚየሙና በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ። ከክፍሎቻቸው መካከል ቀድሞ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ሃርድ ዲስኩ ነው። ኤክስ.ቲ. ይዞት የወጣው 10 ሜጋባይት የሚይዝ ዲስክ በሞተር የሚሽከረከሩ ሳህኖችና የሚንቀሳቀሱ የማንበቢያ ራሶች ያሉት በመሆኑ በዕድሜ ብዛት ይዳከማል፤ በመጨረሻም ይቆማል። ምትኩም ከፋብሪካ መውጣት ካቆመ ረጅም ጊዜ ሆኖታል።

ጉዳዩ ለአሮጌ ዕቃ ካለ ፍቅር ያለፈ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በኮምፒውተር የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶች እያንዳንዱ ፕሮግራም ለየራሱ ባወጣው የፊደል ቁጥር የተቀመጡ ስለነበሩ፣ ያለ ፕሮግራማቸው ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። የተጻፉበትን ፕሮግራም በዘመኑ ማሽን ላይ ማስነሳት እነዚህን ሰነዶች መልሶ ለማንበብ ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ ነው። ዲስኩ የሞተ ማሽን ግን ለዚህ ብዙም አይረዳም።

በዚህ ምክንያት በሙያውም ሆነ በትርፍ ጊዜያቸው በመስኩ የተሰማሩ ሰዎች አሮጌውን ኮምፒውተር ከኋለኛው ዘመን ማከማቻ ጋር የሚያገናኙ ካርዶችን በራሳቸው መንደፍ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከእነዚህ አንዱ ኤክስ.ቲ.-አይ.ዲ.ኢ. በመባል የሚታወቀው ካርድ ሲሆን፣ ንድፉ ለማንም ክፍት በመሆኑ ብዙዎች በቤታቸው ሠርተውታል፤ አሻሽለውታልም።

ሥራው ከቤት ውስጥ አቅም በላይ ያልሆነው በሁለት ምክንያቶች ነው። የመጀመሪያው፣ ኩባንያው የማሽኑን የሰርኪዩት ንድፍ፣ የመነሻ ፕሮግራሙን ዝርዝር ሳይቀር በቴክኒክ መመሪያ መጽሐፉ አትሞ ማውጣቱ ነው። ሁለተኛው የማሽኑ ዝግታ ነው። የኮምፒውተሩ ልብ ትርታ በሰከንድ 4.77 ሚሊዮን ጊዜ ሲሆን፣ ከካርድ ጋር የሚደረግ አንድ ልውውጥ አምስት ትርታ፣ ማለትም አንድ ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ይህ ለሰው ቅጽበት ቢሆንም ለቺፕ ሰፊ ጊዜ ስለሆነ፣ በእጅ የተበየደ ሰርኪዩት ያለ ችግር ሊከተለው ይችላል።

ካርዱ የሚሰካበት ስሎት 62 የመገናኛ ነጥቦች አሉት። ከእነዚህ 20ዎቹ አድራሻ፣ 8ቱ መረጃ የሚያስተላልፉ ሲሆኑ፣ የቀሩት ለኤሌክትሪክ ኃይልና ለትእዛዝ ምልክቶች የተመደቡ ናቸው። በሁሉም ስሎቶች የሚያልፉት መስመሮች የጋራ በመሆናቸው፣ ማዕከላዊው ፕሮሰሰር የሚጠራውን አድራሻ ሁሉም ካርዶች ይሰማሉ። ነገሩ በክፍል ውስጥ ከሚደረግ የስም ጥሪ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁሉም ይሰማል፣ አቤት የሚለው ግን ስሙ የተጠራው ብቻ ነው። ሁለት ካርዶች በአንድ ጊዜ ከመለሱ መረጃው ይበላሻል፤ ቺፖቹም እርስ በርስ ሲገፋፉ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

እንግዲህ የንድፉ ዋና ሥራ ካርዱ የራሱን ስም እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ለዚህም ብዙ ጊዜ 74ኤልኤስ688 የተባለው አወዳዳሪ ቺፕ ያገለግላል። በአንድ ጎኑ የአድራሻ መስመሮቹ፣ በሌላው ጎኑ ባለቤቱ በትናንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች የመረጠው ቁጥር ይገባሉ፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ቺፑ ምልክት ይሰጣል። ያን ጊዜ 74ኤልኤስ245 የተባለው ሌላ ቺፕ የካርዱን የመረጃ መስመሮች ከጋራው መስመር ጋር ያገናኛል፤ ጥሪው ሲያበቃም ይለያቸዋል። አይ.ቢ.ኤም. ለሙከራ ካርዶች ብሎ የለቀቀው ከቁጥር 768 ጀምሮ ያሉትን 32 አድራሻዎች ነው። ቦታው ግን ሁልጊዜ ባዶ አይገኝም፤ በሰፊው የተሸጠው ኤን.ኢ.2000 የኔትዎርክ ካርድም ከፋብሪካ ሲወጣ እዚያው ላይ ተስተካክሎ ነበር። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ያስፈለጉትም ስለዚህ ነው።

ጀማሪ ነዳፊዎችን አብዝቶ የሚያስቸግረው ኤ.ኢ.ኤን. የተባለውን ምልክት መዘንጋት ነው። ማሽኑ ሜሞሪውን ለማደስ በየ15 ማይክሮ ሰከንዱ ገደማ መስመሮቹን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ ለሌላ ቺፕ ያስረክባል። በዚያን ጊዜ በመስመሩ ላይ የሚታየው አድራሻ የሜሞሪ እንጂ የካርድ አይደለም፤ ይህንንም የሚያስታውቀው ኤ.ኢ.ኤን. ነው። ምልክቱን የማያይ ካርድ ሳይጠራ አቤት ይላል። ችግሩ አልፎ አልፎ ብቻ ስለሚከሰት ነዳፊው ጥፋቱን በብየዳው ላይ ሲፈልግ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ።

የዲስክ ካርድ ሌላም እንቅፋት አለበት። አይ.ዲ.ኢ. የተባለው የዲስክ ዓይነት መረጃ የሚሰጠው በ16 መስመር ሲሆን፣ የስሎቱ መረጃ መስመሮች ግን 8 ብቻ ናቸው። ነዳፊዎች መፍትሔ ያደረጉት ግማሹን ለጊዜው የሚይዝ ቺፕ ማስገባት ነው። ሲነበብ የመጀመሪያው ግማሽ በቀጥታ ያልፋል፤ ሁለተኛው ተይዞ ይቆይና በሚቀጥለው ጥሪ ይወሰዳል። ሲጻፍ ተራው ይገለበጣል። ኮምፓክት ፍላሽ የተባሉት የማከማቻ ካርዶች በ8 መስመርም መሥራት መቻላቸው ሲስተዋል፣ ይህን ቺፕ ጨርሶ ያስቀሩ ቀላል ንድፎች ወጥተዋል። እነዚህ ማከማቻዎች የሚሽከረከር አካል የላቸውም። መጠናቸው ግን ለዘመኑ ፕሮግራም ይበዛል፤ ለምሳሌ ዶስ 3.3 ከ32 ሜጋባይት በላይ የሆነ ክፍል አይቀበልም።

ኮምፒውተሩ ከአዲሱ ማከማቻ ላይ እንዲነሣ ካርዱ የራሱን መነሻ ፕሮግራም በሮም ቺፕ መያዝ አለበት። ማሽኑ ሲበራ የተወሰነውን የሜሞሪ ክልል በየ2 ኪሎባይቱ ይፈትሻል፤ 85 እና 170 የተባሉትን ቁጥሮች ተከታትለው ሲያገኝ፣ የፕሮግራሙን ድምር አረጋግጦ ሥራውን ያስረክበዋል። በ1981 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች ግን ይህን ፍተሻ አያደርጉም፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1982 የተዘጋጀውን ሮም መተካት ያስፈልጋቸዋል።

ሰሌዳውን መንደፍ እንደ ኪካድ ባሉ ነፃ ፕሮግራሞች የሚከናወን ሲሆን፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ ለሚያዝ ሰው የሚያትሙ ፋብሪካዎችም አሉ። የሰሌዳው ውፍረት 1.6 ሚሊ ሜትር፣ በመገናኛ ነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀትም 2.54 ሚሊ ሜትር መሆን ይኖርበታል። ስሎቱ 5 ቮልት ብቻ ሳይሆን 12 ቮልትም ስለሚያስተላልፍ፣ የተንሻፈፈ ካርድ ሌላ ምትክ የሌለውን ማሽን ሊያቃጥል ይችላል። ስለሆነም ብየዳው እንዳለቀ በኃይልና በመሬት መስመሮቹ መካከል ንክኪ አለመኖሩ በቴስተር ይፈተሻል። ማሽኑ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው፤ ካርዱም የሚሰካው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ዶስ ይዞት በሚመጣው ዲበግ በተሰኘ ፕሮግራም የካርዱን አድራሻ ማንበብ ነው። ማንም ካልመለሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው 255 ነው፤ ሌላ ቁጥር ከታየ በዚያ አድራሻ አንድ ካርድ መልሷል ማለት ነው።