በአውሮፕላን ማረፊያ በሃይድሮጅን ስለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች

ዘመድ ለመሸኘት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በአውሮፕላኑ ላይ ነው። ከአውሮፕላኑ ሥር የሚመላለሱትን መኪናዎች ልብ ብሎ የሚመለከታቸው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሻንጣ የሚጎትቱት፥ ደረጃ የሚያቀርቡት፥ ምግብና ውሃ የሚያመላልሱት፥ አውሮፕላኑንም ወደ ኋላ የሚገፉት እነርሱ ናቸው። ያለ እነርሱ አንድም አውሮፕላን በሰዓቱ አይነሣም። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚሠሩት በናፍጣ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እርሱ ኑሮውን የሚመራው በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ በመጫን ነው፤ ማታ ወደ ቤት ሲገባ ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2012 የናፍጣ ሞተር ጢስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ነገሩ ለእኛ ቤት የሩቅ ወሬ አይደለም።

በናፍጣ ፈንታ ሌላ ኃይል ለማግኘት ብዙ ተሞክሯል። በ2015 በአሜሪካ በሜምፊስ አውሮፕላን ማረፊያ ፌዴክስ የተባለው የጭነት ኩባንያ በሃይድሮጅን የሚሠሩ 15 ዕቃ ጎታች ትራክተሮችን በሥራ ላይ አውሎ ፈተናቸው። በ2024 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል አውሮፕላን ማረፊያ ኢዚጄት የተባለው አየር መንገድ ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ አኮርን የተባለውን ሙከራ አደረገ። በዚያም ሻንጣ የሚጎትቱት ትራክተሮች ሃይድሮጅን እየተሞሉ መንገደኛ የጫኑ አውሮፕላኖችን አገለገሉ። የሙከራው ዓላማ ትራክተሩ መሄዱን ለማየት ብቻ አልነበረም፤ ሰውና አውሮፕላን በሚበዛበት ሥፍራ ጋዙን ያለ አደጋ መሙላት ይቻል እንደ ሆነ ለማረጋገጥና ለወደፊቱ ደንብ የሚሆን ልምድ ለማግኘት ነበር።

አሁን አሠራሩን እንመልከት። በመኪናው ውስጥ ጋዙን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፊዩል ሴል የሚባል መሣሪያ አለ። በአንድ ወገን ሃይድሮጅን፥ በሌላው ወገን አየር ይገባል፤ በመካከላቸው ስስ ሽፋን አለ። ሃይድሮጅኑ ፕላቲኒየም ያለበትን ገጽ ሲነካ ወደ ፕሮቶንና ወደ ኤሌክትሮን ይለያያል። ፕሮቶኑ ሽፋኑን ዘልቆ ያልፋል፤ ኤሌክትሮኑ ግን በዚያ ማለፍ ስለማይችል በሽቦ ዞሮ ይሄዳል። ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ ይኸው በሽቦ የሚሄደው ኤሌክትሮን ነው። በመጨረሻም ሁለቱ በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። ስለዚህ ከመኪናው ጭስ ማውጫ የሚወጣው ጢስ ሳይሆን እንፋሎትና ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን 9 ኪሎ ውሃ ይሆናል። የዚህን አሳብ መሠረት የጣለው የዌልስ ተወላጁ ዊሊያም ግሮቭ ሲሆን፥ ይህም ከ1839 እስከ 1842 ባሉት ዓመታት ነው።

ይህን ለወንድሜ ባስረዳው «ታዲያ ጋዙ ቢፈነዳስ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1937 ሂንደንበርግ የተባለው በሃይድሮጅን የተሞላ የአየር መርከብ በአሜሪካ ተቃጥሎ 36 ሰዎች ሞተዋል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከመቶ 4 እስከ 75 እጅ በሚሆንበት ጊዜ ሁሉ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ትንሽ ብልጭታም ትበቃዋለች፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን እምብዛም አይታይም። በሌላ በኩል ከአየር 14 ጊዜ ያህል ስለሚቀል፥ በሜዳ ላይ ቢያፈተልክ ፈጥኖ ወደ ላይ ይበተናል። አደጋው የሚከፋው በተዘጋ ቤት ጣራ ሥር ሲጠራቀም ነው። ስለዚህ መሙያው አየር በሚገባበት ሥፍራ መሆን፥ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ መኖር፥ ሠራተኛውና የእሳት አደጋ ተከላካዩም መሠልጠን አለባቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ የሒሳብ ነው። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለመለየት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ያላነሰ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። በኪሎው ውስጥ የሚገኘው ኃይል 33 ያህል ነው፤ ፊዩል ሴሉም ከዚህ ለሞተሩ የሚያደርሰው ግማሹን ያህል፥ ማለት 16 ገደማ ነው። እንግዲህ ካወጣነው ኤሌክትሪክ የሚመለስልን አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። በባትሪ ቢሆን ግን አብዛኛው ይመለስልናል። ነገር ግን ባትሪ ለመሙላት ብዙውን ጊዜ ሰዓቶች ሲያስፈልጉ፥ ሃይድሮጅን በጥቂት ደቂቃዎች ይሞላል። ቀንና ሌሊት ለማያርፍ ጎታች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ሃይድሮጅን አብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። እንዲህ ከሆነ ጢሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ፋብሪካው ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ከዚህ የተነሣ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ቆሞ የሚሞላበት ጊዜ ላለው መኪና ባትሪ ይሻላል፤ ፋታ ለሌለውና ከባድ ለሚጎትተው ሃይድሮጅን ሊመረጥ ይችላል፤ ይኸውም ኤሌክትሪኩ ከንጹሕ ምንጭ የተገኘ እንደ ሆነ ነው። አገራችን ኤሌክትሪኳን በብዛት የምታገኘው ከውሃ ኃይል ስለ ሆነ፥ ነገሩን ልናጠናው ይገባናል። በኬሚስትሪ ክፍል ውሃን በኤሌክትሪክ ስንለይ በሙከራ ቱቦው ውስጥ የምናያት አረፋ ይህችው ሃይድሮጅን ናት። እርሷን ያለ አደጋና ያለ ብክነት ለሥራ ማዋል የሚችሉ መሐንዲሶች ከየትም አይመጡም፤ ከእኛው ክፍል ሊወጡ ይገባል። የወንድሜም ሆነ የሥራ ጓደኞቹ ሳንባ ለዚህ ድካም የሚበቃ ምክንያት ነው።